እትዬ ላቀች ያለበሰችኝ ነጠላ

«ያች ደጓ ሴትዮ ትናንት አረፈች እኮ» አለኝ ከገሳይ የሚመላለስ አንድ የሚኒባስ ሹፌር፣ የሻይ ብርጭቆውን በሁለት እጁ እንደያዘ። «የትኛዋ?» አልኩት፤ ማንን ማለቱ እንደሆነ ግን አውቄዋለሁ። «ያንች ወዳጅ ናታ፣ እትዬ ላቀች። ያኔ በተዝካሩ ላይ…» ብሎ ጀመረና የቀረውን ከሻዩ ጋር ዋጠው። በወጉ «ነፍስ ይማር» ማለት ነበረብኝ። ከአፌ ቀድሞ የወጣው ግን «ሳትናገር?» የሚል ነው። ሹፌሩ ምን ማለቴ እንደሆነ አልገባውም፤ ሒሳቡን ከፍሎ ሄደ።

ሙት ወቃሽ አያድርግሽ ይሉኛል የሚያውቁኝ። እኔ እኮ በቁሟም ወቅሻታለሁ፤ ያውም ፊት ለፊት፣ ያውም እያለቀስኩ። በሕይወት ሳለች አንቱ እላት ነበር፤ እናቴ ባትሆን የእናቴ ታናሽ ትሆናለች። አሁን ስጽፍ ግን አንቱታው እምቢ ብሎኛል። እሷ ብዬ ልቀጥል፤ ቅር የሚለው ካለ ይለፈኝ።

ደግነቷን ብደብቅ ደግሞ እኔም እንደሷ መሆኔ ነው። ስለዚህ ከደግነቷ ልነሣ።

የተዋወቅነው ጨረር በሚሰጥበት ሆስፒታል፣ ተራ በምንጠብቅበት አግዳሚ ላይ ነው። እኔ ከኩዌት ተመልሼ ደብረ ታቦር መናኸሪያው በር ላይ ቁርስ ቤት ከከፈትኩ ገና ብዙ አልቆየሁም ነበር። በሰው አገር የሰው ልጅ ሳሳድግ፣ የሰው ወለል ስወለውል ምንም ሳልሆን ኖሬ፣ በገዛ አገሬ፣ በገዛ ወጥ ቤቴ ደም ይፈሰኝ ጀመር። የማሕፀን በር ካንሰር ነው ተባልኩ። ያን ቀን ከነርሷ ጋር ስነጋገር፣ ነጠላዋን እስከ ቅንድቧ የተከናነበች አንዲት ረጅም ሴት አጠገቤ ሆና ታዳምጠኝ ኖሮ ዞር አለች።

«አነጋገርሽ ያገሬ ነው። የየት ልጅ ነሽ?»

«የደብረ ታቦር።»

«እኔ የገሳይ ነኝ» አለችና ግራ ቀኝ አየች። «ግን እዚህ አላየሽኝም። እኔም አላየሁሽም።»

ሳቅኩ። ቀልድ መስሎኝ ነበር። ቀልድ አልነበረም። ለገሳይ ሰው ሁሉ፣ ከተማ ያለች እህቷ ዘንድ ጨጓራዋን ልትታከም እንደሄደች ነው የተናገረችው። የሕመሟን ስም አፏ ጠርቶት አያውቅም፤ «ያ ነገር» ነው የምትለው። ነርሷ ስሟን ስትጠራ እንኳ «ቀስ በይ የኔ እናት» እያለች ትነሣ ነበር። ለእኔ ግን ያን ሁሉ ጊዜ አብሬያት ስቀመጥ፣ ሲያቅለሸልሸኝ ሎሚ እያሸተተችኝ፣ ስንወጣ ደግፋኝ፣ ከእናት ያላነሰች ነበረች።

ጨረሩ ሠራ፣ ካንሰሩ ጠፋ ተባልን፣ እልል ብለን ወደየቤታችን ተመለስን። ነገር ግን ጨረሩ ካንሰሩን ሲያቃጥል ጎረቤቱን አንጀትንም ለብልቦት ኖሯል። ነርሷ አስቀድማ ነግራናለች፤ ማን ልብ ብሎ ሰምቷት! የሞት ነገር እየተነገረው ስለ ሆዱ የሚያስብ ሰው የለም። ቤቴ ከገባሁ በኋላ ነው ነገሩ የገባኝ። ሆዴ መጣሁ ሳይል ይመጣል። ለደንበኛ ፍርፍር ሳቀርብ ሳህኑን ጥዬ የሮጥኩበት ቀን አለ። ሮጬ የደረስኩበትም፣ ሳልደርስ የቀረሁበትም አለ። ድነሻል ተብዬ የተሸኘሁ ሴት ከቤቴ ደጅ መውጣት ፈራሁ። ቁርስ ቤቱን ዘግቼ ተቀመጥኩ።

ይህ ለማን ይነገራል? ለእትዬ ላቀች ደወልኩ። ስልኩን ይዤ ከማልቀስ በቀር ያወጣሁት ቃል የለም።

«ገባኝ» አለችኝ። «እኔም እንደዛው ነኝ። ነገ እመጣለሁ፤ አታልቅሽ። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም።»

በነጋታው በመጀመሪያው ሚኒባስ ደረሰች። ገብታ ሰላም ካለችኝ በኋላ ቤቱን ዞራ አየች። ከውኃ ጀሪካኖቹ ኋላ የደበቅኩትን የልብስ ክምር አገኘችው። አትንኪው ብዬ ብጮህም አልሰማችኝም፤ እጅጌዋን ሰብስባ፣ ሳሙና ጠይቃ፣ አንድ በአንድ አጥባ ፀሐይ ላይ አሰጣችው። አንድም ቀን አላነሣችብኝም። እኔ በዕድሜዬ ገመናዬን አሳልፌ የሰጠሁት ለሷ ብቻ ነው።

ከዚያ ማስተማር ጀመረች። ነርሷ የነገረችንን እኔ ረስቼው እሷ አንድ ሳይቀር ይዛዋለች፤ የጎደለውን ከራሷ ሞልታለች። ድፍን ምስር፣ ሽንብራ፣ ጎመን ለጊዜው እንዳልነካ ከለከለች። የፎገራ ሩዝ እስኪላቁጥ ቀቀለች፤ ድንች ልጣ በጨው ብቻ አበሰለች። ወተት አስተወችኝ፣ በርበሬም አስተወችኝ። ሲሻለኝ ደግሞ የተውኩትን አንድ አንዱን እየመለሰች ታስሞክረኛለች፤ ሁሉንም ባንዴ አይደለም፤ የትኛው እንደጎዳኝ እንዲለይ። «ሆድሽን እንደ ክፉ አማት ያዥው» ትለኝ ነበር፤ «የሚወደውን እወቂለት፣ በሚጠላው አትከራከሪው።» ተቅማጥ ማቆሚያውን ክኒን ሆዴ ከተነሣ በኋላ ስውጥ አይታ ተቆጣችኝ። ከምግብ በፊት ነው የሚዋጠው፤ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብሽ» አለችኝ።

ሥጋን ማጠንከሪያ እንቅስቃሴም አለ፤ ከታች ያለውን ቋጥሮ ይዞ ቀስ ብሎ መልቀቅ ነው። ነርሷ በጨዋ አማርኛ ስለነገረችን ሁለታችንም አልገባንም ነበር። እትዬ ላቀች ግን ደረሰችበት። «ቄስ ፊት ፈሱን እንደያዘ ሰው ቋጥሪ፤ ቄሱ ሲሄዱ ልቀቂ» አለችኝ፤ ከዚያ ወዲያ ማን ይረሳዋል! ሰው መሃል ተቀምጠን ሳለ ቅንድቧን ከፍ ታደርጋለች፤ ቋጥሪ ማለቷ ነው። ዝቅ ስታደርገው እለቃለሁ። ሌሎቹ ሴቶች ስለ ዝናቡ ሲያወሩ እኛ በሳቅ ልንፈነዳ እንደርሳለን።

የመንገድ ዘዴዋ ደግሞ ለብቻው ነው። ሚኒባስ ውስጥ ከበሩ ጥግ ሌላ ቦታ አትቀመጥም። ሆዷ የተነሣ እንደሆነ «ሊያስመልሰኝ ነው!» ብላ አፏን በነጠላዋ ትይዛለች። ሹፌሩ ለወንበሩ ፈርቶ ባንዴ ቀጥ ያደርጋል። «ትውከት አያሳፍርም» ትለኛለች። «ሆዴን ያልሽ እንደሆነ ግን ሹፌሩ ይስቃል፣ ተሳፋሪው ያወራል፣ መኪናው አይቆምም።» ከደብረ ታቦር እስከ ገሳይ ባለው መንገድ ንጹሕ ሽንት ቤት ያላቸው ሴቶች ሁሉ ወዳጆቿ ሆነው ነበር፤ ሲወልዱ፣ ክርስትና ሲያነሡ ትጠይቃቸዋለች። «ሌላው ሰው መንገዱን በድልድይና በቤተ ክርስቲያን ያውቀዋል፤ እኔና አንች በሽንት ቤት ነው የምናውቀው» ብላ አስቃኛለች።

እንዲህ እንዲህ እያልኩ ሰው ሆንኩ። ሕመሙ አልጠፋም፤ ገራሁት እንጂ። ቁርስ ቤቴን መልሼ ከፈትኩ። ጠዋት ጠዋት የገሳይ፣ የእብናት፣ የጋይንት መንገደኛ እየገባ እንቁላል ፍርፍር በትኩስ ዳቦ ይበላል። ያተረፈኝ ጨረሩ ነው ሲሉኝ በልቤ እትዬ ላቀች ናት እል ነበር።

ማየት ሲገባኝ ያላየሁት አንድ ነገር አለ። ጾም ሲገባ ምግቡ ሁሉ ጥራጥሬ ነው፤ ለእኛ ዓይነቱ ሆድ መከራ ነው። እኔ ለንስሐ አባቴ ሕመሜን በስሙ ጠርቼ ነገርኳቸው፤ እሳቸውም «የሚስማማሽን እየበላሽ ጸልይ፤ እግዚአብሔር ያውቃል» አሉኝ። ይህን ስነግራት ደነገጠች።

«ስሙን ጠራሽላቸው?»

«ታዲያ ምን ልበል?»

«ጨጓራ አትይም? እኔ ለነፍስ አባቴም ጨጓራ ነው ያልኳቸው። ቄስም ሰው ነው፤ ከአንዱ ለቅሶ ወደ አንዱ የሚዞር ሰው።»

ለነፍስ አባቷ ያልተናገረች ሴት ለእኔ እስከ የት ትሆነኛለች ብዬ አላሰብኩም። ብልህነቷ መስሎኝ ተገረምኩ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስል ነበር።

ለምን እንደዚያ እንደምትፈራ ግን ይገባኛል። በገሳይ እትዬ ላቀች የድግስ አዛዥ ናት። ሠርጉም ተዝካሩም ያለ እሷ አይጣድም፤ ከእብናት እንኳ ሰው እየላኩ ያስመጧታል። ራሷ ማማሰያ አትይዝም። መሃል ላይ ቆማ በዓይኗ ብቻ ታዛለች፤ ያ ሁሉ ሴት ይርበደበዳል። እጇን ያልታጠበች ሴት እሷ ካለችበት ጓዳ ደፍራ አትገባም። «ላቀች ባዘዘችው ድግስ ላይ ዝንብ አያርፍም» ይሏታል፤ እሷም ይህን ስትሰማ ደስ ይላታል። ስሟን ከነፍሷ አብልጣ ትወደው ነበር።

የባሏ ወንድም ሞቶ ዐርባው ሲወጣ ተዝካሩን ያዘዘችው እሷ ናት። ነይልኝ አለችኝ። ብዙ ሰው ያለበት ቦታ እንደምፈራ ታውቃለች። «እኔ ካለሁ ምን ትሆኛለሽ? አጠገቤ ትቀመጫለሽ» አለችኝ። ሩዝ ብቻ ቀምሼ፣ ክኒኔን ውጬ ሄድኩ። ነጣ ያለ የጥጥ ቀሚስ ለብሻለሁ። እሷ ኀዘንተኛ ናትና ቀሚሷ ጥቁር ነው፤ ከላይ ብቻ ነጠላ ጣል አድርጋለች።

ዳሱ ውስጥ ሴቶቹ የሚቀመጡበት አግዳሚ ነጭ አቡጀዲ ተነጥፎበታል። ሰው በልቶ ሲያበቃ እሷም ከቆመችበት መጥታ አጠገቤ አረፍ አለች። ምንም ሳትቀምስ ነበር የዋለችው፤ በድግስ ቀን ደንቧ ነው። ይኸኔ የባሏ አክስት፣ ያረጁ ሴትዮ፣ ቀዩን ወጥ በእንጀራ ጠቅልለው መጡ።

«ያ ሁሉ ሰው ሲበላ አንች ጦምሽን? በይ ጉረሽልኝ።»

«እማማ፣ ጨጓራዬ…»

«አንድ ጉርሻ ጨጓራ አይነካም! አፈር ስሆን! የሙቱን ተዝካር ትጠየፊያለሽ?»

ሰው ሁሉ ያያል። የሙት ተዝካር ጉርሻ እምቢ አይባልም። ጎረሰች። አንድ ጉርሻ ያጣላል ብለው ደገሙላት። በላዩ ጠላ አስጠጧት። እኔ ቅንድቧን ነበር የማየው፤ ከፍ አለ፣ ከፍ እንዳለ ቀረ።

ካህናቱ ለጸሎት ተነሡ ሲሉ ዳሱ በሙሉ ቆመ። እኔና እሷም ቆምን። ከኋላችን አንዲት ሴት «ውይ!» አለች። ዞር ስል፣ እኔና እሷ ተጠጋግተን ከተቀመጥንበት ላይ ነጩ አቡጀዲ ተበላሽቷል። ሽታውም መጣ። ሴቶቹ መጀመሪያ ጨርቁን፣ ቀጥሎ እኛን አዩ።

የዚህ ሕመም ክፋቱ ሰው የገዛ ሰውነቱን አለማመኑ ነው። ሳይታወቀኝ ያመለጠኝ ጊዜ ነበር። ስለዚህ ያን ጊዜ የመጣብኝ ሐሳብ «እኔ ነኝ» የሚል ነው። እትዬ ላቀች ነጠላዋን ከትከሻዋ ገፍፋ ወገቤ ላይ ጠመጠመችልኝ። ጠምጥማ አቀፈችኝና ዳሱ ሁሉ በሚሰማው ድምፅ ተናገረች።

«አይዞሽ እህቴ! አይዞሽ ብርቄ! ሕመም ነው፤ ሕመም ደግሞ የእግዜር ነው። ምን ታያላችሁ እናንተ? የታመመ ሰው አይታችሁ አታውቁም? ዞር በሉ!»

ዞር አሉልኝ። ከንፈር ሲመጠጥ ሰማሁ። እኔን ከፊት አድርጋ፣ ከኋላዬ ተለጥፋ ከዳሱ አወጣችኝ። እኔም እያለቀስኩ «እግዜር ይስጥልኝ እትዬ» አልኳት። አመሰገንኳት! አሁንም ትዝ ሲለኝ ምላሴን ብቆርጠው ደስ ይለኛል።

ከቤቱ ጀርባ ደርሰን ነጠላውን ፈታሁት። ቀሚሴ ንጹሕ ነው። አዙሬ አየሁት፣ በእጄ ዳሰስኩት፤ ምንም የለበትም። ቀና ስል እትዬ ላቀች ጀርባዋን ሰጥታኝ ከበርሜሉ እየጨለፈች ጥቁር ቀሚሷን ታጥባለች።

«እትዬ፣ እኔ አይደለሁም እኮ።»

«አውቃለሁ» አለች ሳትዞር።

«ታዲያ ለምን እንዲህ አደረጉኝ?»

ውኃውን ጨልፋ አፈሰሰች፣ ደግማ ጨለፈች። ከዚያ ተናገረች፤ ድምፅዋ እንደ ሌላው ቀን የተረጋጋ ነበር።

«አንች ነገ ደብረ ታቦር ትገቢያለሽ። ላንች ያንድ ቀን ወሬ ነው። እኔ እዚሁ ነው የምኖር፣ እዚሁ ነው የምቀበር። እኔ ላይ የወደቀ እንደሁ ማን ድግስ ያሳዝዘኛል? ማን እጄን ያምናል?»

«የኔንስ እጅ ማን ያምናል? ምግብ አይደል እንዴ የምሸጠው?»

ነጠላውን ከእጄ ወሰደችና መልሳ ወገቤ ላይ አሰረችው። «እንዳሰርኩልሽ ውጭ» አለችኝ። «አሁን ብትፈችው ያዩሻል።»

እንዳሰረችልኝ ወጣሁ። ለምን አልጮህሽም ትሉኝ ይሆናል። በተዝካር ላይ፣ በካህናት ፊት፣ በእናቴ ዕድሜ ያለችን ሴት እንዴት አድርጌ ላዋርዳት? ደግሞም እወዳት ነበር። ልብሴን ያጠበች ሴት ናት።

ያንድ ቀን ወሬ ያለችው ወሬ አንድ ቀን ብቻ ቢሆን ኖሮ እኔም በረሳሁት። ከገሳይ የሚመጣ መኪና ሁሉ ሰው የሚያራግፈው ግን እኔ በር ላይ ነው። መጀመሪያ ሴቶቹ ቀሩ። ቀጥሎ ወንዶቹ «ዛሬስ ምግብ አላሰኘኝም፤ ሻይ ብቻ» ማለት ጀመሩ። አንዱ የማከብረው ሰውዬ የቀረበለትን ፍርፍር እያየ «ይህን የሠራሽው አንች ነሽ?» አለኝ፤ አዎ ስለው ስልክ እንደተደወለለት ሆኖ ወጥቶ ቀረ። የሰደበኝ የለም። ቢሰድቡኝ በተሻለኝ ነበር፤ ስድብ መልስ አለው። አዘኑልኝ። «እንዴት ነሽ፣ ተሻለሽ?» ይሉኛል፤ በቆሙበት፣ ከበሩ ሳያልፉ።

እንዳልክድ ደግሞ ታማሚ ነኝ። «አልታመምኩም» ብል ውሸት ነው፤ «ታምሜያለሁ፣ ያን ቀን ግን እኔ አልነበርኩም» ብል ማን ይለይልኛል? ከነጠላው ሥር ምን እንዳለ ያየ የለም፤ ሰው ያየው እኔ መጠቅለሌን ነው። አሁን የምሸጠው ሻይና የታሸገ ብስኩት ነው። የታሸገ ነገር ከእጄ ይገዙኛል።

እትዬ ላቀች ወሬውን ሰማች። መጣችም። ገበያ በወጣች ቁጥር እየገባች፣ በሩ ላይ ሰው በሚያያት ወንበር ተቀምጣ፣ ሩዝ ከእጄ ትበላ ጀመር። «ይኸው እኔ እበላ የለም እንዴ! ምን ሁናችሁ ነው?» ትላለች አላፊ አግዳሚውን። ሰው እሷን መረቃት። የታመመች የማትጠየፍ፣ የታመመች የማትሸሽ፣ ቅድስት ሴት! እኔ ዘንድ ግን ገብቶ አልበላም። እሷ በበላች ቁጥር ታማሚነቴ እንደገና ይታወጅልኛል።

አንድ ቀን በሩን ዘጋሁና ፊቷ ቆምኩ። «እትዬ፣ የርስዎ መብላት አይበጀኝም። እውነቱን ይናገሩልኝ። ለአንድ ሰው ብቻ፤ ለባለቤትዎ አክስት ብቻ ቢነግሩ ይበቃኛል።» እያለቀስኩ ነበር።

እሷም አለቀሰች። «እናገራለሁ» አለችኝ። «በቁሜ ሳለሁ እናገርልሻለሁ። ትርንጎ ትሙት!»

ትርንጎ ያለቻት አንድ ልጇ ናት። በአንድ ልጇ የማለች እናት አትዋሽም ብዬ አመንኩ። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ፤ እኔ ከወደቅሁበት ተነሥቼ ያንኑ ፈረስ እንደገና ጋለብኩ።

አልተናገረችም። መምጣትም ተወች። ቆይታ በስልክ «ደም አየሁ» አለችኝ። ነርሷ ስታሰናብተን ደም ካያችሁ አንድ ቀን አትደሩ፤ የተለበለበው አንጀት ሊሆን ይችላል፣ ለእሱ ሕክምና አለው፤ ሌላም ከሆነ ቶሎ መታየት አለበት ብላን ነበር። እሷ ከኔ የበለጠ ታውቀዋለች። ሆስፒታል አብረን እንሂድ አልኳት። ተቀይሜያት ሳለሁ ለመንኳት።

«ባለፈው እዚያ የገሳይ ሰው አይቻለሁ» አለችኝ። «እንደገና ቢያየኝ ምን እለዋለሁ?»

«ታመምኩ ይበሉዋ!»

«ላንች ቀላል ነው» አለችኝ። «ያንችን እንደሁ ሁሉም አውቆታል።»

ስልኩን ዘጋሁባት። ከዚያ ወዲያ አልተነጋገርንም።

ሞቷን በሰማሁ በማግስቱ፣ በሠልስቱ፣ ለለቅሶው ገሳይ ሄድኩ። የቀረሁ እንደሆነ የሚባለውን አውቃለሁ፤ «አስታማት፣ እንደዛ ሆናላት፣ ለለቅሶዋ እንኳ አልመጣችም» ነው የሚሉኝ። ደግሞ ልቤ አልቆረጠም። ሰው ሲሞት ይናገራል፤ ለልጇ ወይም ለነፍስ አባቷ አንድ ቃል ጥላልኝ ይሆናል እያልኩ ነው መንገዱን የጨረስኩት።

ትርንጎ በር ላይ ተቀበለችኝ። ተቃቅፈን አለቀስን። የእኔም እንባ እውነተኛ ነበር፤ ልዋሽ አልችልም። ቀስ ብዬ በጆሮዋ ጠየቅኋት።

«ስለኔ ያለችው ነገር አለ?»

«አለ» አለችኝ። ልቤ ዘለለ። «ብርቄን አደራ ብላለች። ታማሚ ናት፣ ሰው እንዳይሸሻት ብላለች።»

እየሞተች! ከአልጋዋ መነሣት ሲያቅታት፣ ሰው ሲያገላብጣት፣ ታማሚዋ እኔ ነበርኩ።

ገባሁ። ሴቶቹ በሩ ጥግ ያለውን ቦታ ለቀቁልኝ፤ መውጣት ቢያስፈልጋት እንዳትቸገር ብለው ነው። አልቃሿ ደረቷን እየመታች የሟችን ደግነት ታነሣለች። ድግሷን፣ እጇን፣ ቁመቷን አነሣችና ወደ እኔ መጣች፦

«ዘመድ የሸሸውን እሷ አቀፈችና፣
በነጠላዋ አልብሳ ሸፈነች ገመና።»

ቤቱ ሙሉ ዞሮ አየኝ። በእንባ የራሰ ዓይን ሁሉ እኔ ላይ ሆነ። ተነሥቼ ቆምኩ።

«እኔ አልነበርኩም» አልኩ። «ያን ቀን እኔ አልነበርኩም። እሷ ነበረች። ነጠላውን ያለበሰችኝ የራሷን ልትደብቅ ነው።»

ለቅሶው ቀጥ አለ። አንዷ አማተበች። ያጎረሷት አክስት ናቸው ቀድመው የተናገሩት፤ አልተቆጡኝም፤ እጄን ይዘው ወደ ታች ሳቡኝ። «ልጄ፣ ኀዘን ያናግራል። ተቀመጭ» አሉኝ።

«ኀዘን አይደለም እማማ! ትርንጎ ታውቃለች። ትርንጎ፣ የእናትሽን ልብስ ስታጥቢ የኖርሽ አንች ነሽ። ንገሪያቸው።»

ትርንጎ ቀና አለች። ታውቃለች፤ እጆቿ በሳሙናና በበረኪና ተልጠው ነበር። በዓይኗ ለመነችኝ፤ እኔም በዓይኔ ለመንኳት። ሁሉም እሷን ጠበቀ።

«እማዬ ጨጓራ ብቻ ነበረባት» አለች።

ለቅሶው ከበፊቱ ብሶ ቀጠለ። «ይህ ነው የውለታዋ ብድር!» አለች አንዷ፤ ቀስ ብላ ያለች መስሏት ነው። ማንም አላስወጣኝም፤ ራሴ ወጣሁ። ቅጥሩን ዞሬ መሄጃ እንደጠፋው ሰው ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ። ልጅቱን እንኳ መጥላት ተሳነኝ፤ እናቷ ከተቀበረች ገና ሦስት ቀኗ ነው። እኔስ ያን ቀን በዳሱ ውስጥ ዝም አላልኩም? እትዬ ላቀችን ግን ጠላኋት፤ ከመቃብር ጠርቼ ባናግራት ደስ ባለኝ።

የማላውቃት አንዲት ሴት ውኃ የሞላ ጆግ ይዛ ተከትላኝ መጣች። ፊቷ ላይ ከርኅራኄ በቀር ሌላ ነገር የለም።

«እቴ፣ ሽንት ቤቱ በዚህ በኩል ነው» አለችኝ በሹክሹክታ። «ግቢ፤ እኔ እዚህ ቆሜ ሰው እጠብቅልሻለሁ። ማንም አያይሽም።»

ጆጉን ከእጇ መትቼ ልጥለው ቃጣኝ። አልታመምኩም፣ እኔ አይደለሁም ብዬ ልጮህባት አፌን ከፈትኩ። ግን ከጠዋት ጀምሮ መንገድ ላይ ነበርኩ፤ ሆዴም ተነሥቷል። ጆጉን ተቀበልኳት።